አንድ ገጽ ቀድመው

«አንተ ካልሄድህ እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ!» አሉ ወይዘሮ ሐረግ፣ ምስር ይለቅሙበት የነበረውን ሰፌድ መደቡ ላይ ወርወር አድርገው።

«ምን ብለሽ?»

«ባሌ የሪጋን ቋንቋ አያውቅም ብዬ። አርባ ዓመት ሙሉ የሪጋ ነው እያለ ያሰማችሁ የመስኮብን፣ የሩሲያውን ነው ብዬ።»

«ቀስ በይ ሐረግ፤ ሰው ይሰማል።»

«አየህ! አሁንም የምትፈራው ሰው እንዳይሰማ ነው። ለይሄነው ልጅ አይደለም የምትፈራው።»

አቶ አራጌ ተነሥተው በሩን ዘጉ። የጥር ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም ነበር። በሩ ሲዘጋ ቤቱ ጨለም አለ። ለልጅቱም ይፈሩ ነበር። እንዲያውም ካለፈው ወር ወዲህ ለእርሷ ያልፈሩበት ቀን አልነበረም። ይህን ለሚስታቸው ለመናገር ግን አፋቸው አልታዘዘላቸውም።

«እያስተማርኋት ነው» አሉ ተመልሰው እየተቀመጡ። «የማስተምራት ከመጽሐፍ ነው። መጽሐፉን የጻፉት ራሳቸው የአገሩ ሰዎች ናቸው። ውሸት የለበትም።»

«መጽሐፉስ የለበትም» አሉ ሐረግ።

ሐረግ ሰፌዱን አንሥተው እንደገና ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ግን አልለቀሙም። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ የእርሳቸው ድምፅ ደግሞ ዝቅ ሲል ይብሳል።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ቀጣሪዋ ሴትዮ ከባሕር ማዶ ትደውላለች። ይሄነው ቤት ሙሉ ሰው ይሰበስባል። ልጅቱ የጨነቃት እንደሆነ ሁሉም ወዳንተ ይዞራል። ያን ጊዜ ምን ትላለህ?»

ይህን ጥያቄ አቶ አራጌ ለራሳቸው ሃያ ጊዜ ጠይቀውት ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ። ምኑን እንደሚያውቁ ግን አልተናገሩም።

«እኔ ከዚያ ቤት አልገኝም» አሉ ሐረግ። «ውርደትህን ተቀምጬ አላይም።»

ነገሩ የቆየ ነው። አቶ አራጌ ወጣት ሳሉ፣ በ1974 ዓ.ም.፣ የእርሻ መኪና ጥገና እንዲማሩ ወደ ሶቭየት ኅብረት ከተላኩት ልጆች አንዱ ነበሩ። አምስቱን ዓመት የተቀመጡት ሪጋ ነው። ሪጋ የላትቪያ ዋና ከተማ ናት፤ ላትቪያም የራሷ ቋንቋ አላት። በዚያ ዘመን ግን አገሩን ሶቭየቶች በኃይል ይዘውት ስለ ነበር ትምህርቱም፣ ስብሰባውም፣ የውጭ ተማሪዎች በሚያድሩበት ቤት የሚነገረውም ሩሲያኛ ነበር። አራጌ ሩሲያኛውን አጥርተው ያዙት፤ የከተማዋን ቋንቋ ግን ከሰላምታ አላሳለፉትም። አገራቸው መካነ ሰላም ሲመለሱ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ «እስቲ የዚያን አገር ቋንቋ አሰማን» አላቸው። በሩሲያኛ ጥቂት ተናገሩ። ሰዉ ተደነቀ። የትኛው አገር፣ የትኛው ቋንቋ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እርሳቸውም ያልተጠየቁትን አልመለሱም። ከዚያ ወዲህ ስማቸው «የሪጋው» ሆኖ ቀረ።

ስሙ ጥሩ ስም ነበር። በማንኛውም ቋንቋ ይጻፍ፣ የመድኃኒት ወረቀት ቢሆን የውሃ መሳቢያ ሞተር መመሪያ፣ ከወግዲ ድረስ ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር። የሚችሉትን ያነቡታል። የማይችሉትን ደግሞ የሞተሩን ጠባይ አይተው ይገምቱታል፤ ደግነቱ ሞተሮቹ ብዙውን ጊዜ ይነሡ ነበር።

ጥቅምት ላይ ይሄነው መጣ። ይሄነው ከከተማው ዳር የሚያርስ፣ ቃል የማያበዛ ገበሬ ነው። ልጅ እንደሚያጭ ሰው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ነበር የመጣው። ሴት ልጁ፣ የትምወርቅ፣ ነርስነት ተምራ ከጨረሰች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራ የለም። ደሴ ያለ ሱፍያን የሚባል ሰው ላትቪያ ውስጥ ከአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሥራ አግኝቶላታል። የመጦሪያው ኃላፊ ግን አስቀድማ በስልክ፣ በራሷ ቋንቋ ልታናግራት ትፈልጋለች። የሚጦሩት ሽማግሌዎች ሌላ ቋንቋ መስማት ስለማይወዱ ጀማሪ ያህል እንኳ የማትናገር ሴት አትቀበልም።

«እኔም ብሆን» አለ ይሄነው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ቋንቋ ሳታውቅ አልሰዳትም። አልታየችን አይቻለሁ።»

አልታየች የእኅቱ ልጅ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አንዲት ቃል ሳታውቅ አረብ አገር ሄደች። «አልገባኝም» የሚለውን እንኳ በአፏ ማለት ሳትችል፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ኖራ ተመለሰች። ያገኛትን ለማንም አልተናገረችም። ዛሬም ሰው ጠንከር አድርጎ ሲያናግራት ሁለት እጇን ወደ ጆሮዋ ታነሣለች።

«እርስዎ ያስተምሩልኝ፣ ጋሼ» አለ ይሄነው። «እርስዎ ‹አሁን ታውቃለች› ያሉኝ ለት ትሄዳለች። ‹አታውቅም› ካሉኝ ትቀራለች። የእርስዎ ቃል ይበቃኛል።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ አራጌ በዚያች ሰዓት «እኔ የማውቀው ሌላ ቋንቋ ነው» ማለት ይችሉ ነበር። አጭር ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ተንፍሶ የሚጨርሱት። ግን ሦስቱ ሰዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። አርባ ዓመት የለበሱትን ስም በሦስት ሰው ፊት ማውለቅ ከበዳቸው።

«ምን ገዶኝ» አሉ።

በነጋታው ከሣጥን ሥር አንድ ትንሽ መጽሐፍ አወጡ። ሪጋ ሳሉ የገዙት ነው፤ የላትቪያኛን ሰዋስው ለጀማሪ በሩሲያኛ የሚያስረዳ። እስከ አሥራ አንደኛው ገጽ በእርሳስ ተሰምሮበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ንጹሕ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወፍ ሲንጫጫ ይነሡና ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መነጽራቸውን በክር ጆሯቸው ላይ አሥረው ያጠኑ ነበር። የትምወርቅ በሦስት ሰዓት ደብተሯን ይዛ ስትመጣ አንድ ገጽ ቀድመው ይጠብቋታል። አንድ ገጽ ብቻ። እርሷ የማትደርስበት ቦታ ቆመው የሚያስተምሩ መስሎ እንዲታይ ያ አንድ ገጽ ይበቃ ነበር።

ደግሞ ደስ የሚል ነገር ነበረው። «ኤስ ኤስሙ» እኔ ነኝ ማለት ነው፤ «ቱ ኤሲ» አንተ ነህ፤ «ዩስ ኤሳት» ደግሞ እርስዎ ነዎት።

«እንደኛው አንቱታ አላቸው» አሉ አቶ አራጌ። «አንድ ሽማግሌ ሲያናግሩ ብዙ ሰው እንደሚያናግሩ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ባለጌዎች አይደሉማ!» አለች የትምወርቅ እየሣቀች።

እንግሊዝኛ ስትማር ያስቸገራት ነገር እዚህ ቀለላት። «ማን ኢር» ሲሉ ለእኔ አለ፣ አለኝ ማለታቸው ነው፤ ልክ እንደ አማርኛው። ስሞቹ ግን አስጨነቋት። አንድ ስም ሰባት መልክ አለው፤ ጭራው እየተለዋወጠ የማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነ፣ ምን ውስጥ እንደሆነ ይናገራል። «ማያ» ቤት ነው። እኛ ከፊት «በ» ብለን የምንለጥፈውን እነርሱ የመጨረሻውን ድምፅ ሳብ አድርገው ይጨርሱታል። የሰው ስም እንኳ አይተርፍም፤ የትምወርቅ «የትምወርቃ» ሆነች።

«ጭራ ቀጠሉብኝ፣ ጋሼ!»

«ላም ያለ ጭራ ዝንብ ይበላታል» አሉ አቶ አራጌ። ሁለቱም ሣቁ። ያን ጊዜ ፍርሃቱ ገና አልመጣም ነበር።

የመጣው በታኅሣሥ ነው። አንድ ቀን ልጅቱ ደብተሯን ዘጋችና እንዲህ አለች፦

«ጋሼ፣ ዛሬ መጽሐፉን ይክደኑትና ዝም ብለው ያውሩኝ። ጆሮዬ ይልመድ። ሴትዮዋ መጽሐፍ ከፍታ አይደለም የምታናግረኝ። ስልኬ ላይ እንዳልሰማ ዳታው ከጠፋ ከርሟል።»

አቶ አራጌ ጣታቸው መጽሐፉ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። ከዚያ ጧት ያጠኑት አንድ ጭውውት ትዝ አላቸው፤ አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ ዳቦ ይጠይቃል፣ ባለሱቋ ትመልስለታለች። የሁለቱንም ቃል፣ ድምፃቸውን ከፍና ዝቅ እያደረጉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወጡት። ልጅቱ አፏን ከፍታ አዳመጠች።

«ወይ ጋሼ!» አለች። «እንዴት ያምራል!»

በማግሥቱ እዚያ ገጽ ላይ ደረሱ። የትምወርቅ ድምፅ እያሰማች ማንበብ ጀመረች። ሰውየው ሱቅ ገባ። ዳቦ ጠየቀ። ንባቧ ዝግ እያለ፣ ዝግ እያለ ሄዶ ከባለሱቋ መልስ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አላየቻቸውም። ጥቂት ቆይታ ካቆመችበት ቀጠለች፤ እስከ ታች አነበበች፤ ገጹንም ራሷ ገለጠች።

ምንም አላለችም። በማግሥቱም መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን መጣች። ከዚያ ወዲህ ግን መጽሐፉን ይክደኑልኝ ብላ አልጠየቀችም። አቶ አራጌን ያስፈራቸው ይህ ዝምታ ነው። ብትጮህባቸው፣ ለአባቷ ብትነግርባቸው ያልቅ ነበር። ዝም ያለችው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አላሰቡም፦ ቃላቸው ያስፈልጋታል። የሪጋው ሰው «ታውቃለች» ካላለ ይሄነው አይሰዳትም። እርሷ የምትሄደው በውሸታቸው ላይ ቆማ ነው ማለት ነው።

ይህን ካወቁ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ምግብ እምቢ አላቸው። የማያውቁትን አፍ አስይዘው ቢሰዷትስ? እዚያ ደርሳ አፏን ስትከፍት ሰው ባይሰማትስ? መጽሐፉ ስለ ድምፁ የሚለውን እንደመሰላቸው ነበር ያነበቡላት፤ ልክ ይሁን ስሕተት የሚነግራቸው ሰው በወሎ ምድር የለም። ገበያ ሲወጡ አልታየችን ከሩቅ ያይዋታል። የእናቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ፣ በግራ በቀኝ ሳታይ ትሄዳለች። መንገድ ቀይረው ያልፋሉ።

ረቡዕ የመጨረሻው ትምህርት ነበር። አቶ አራጌ ከሐረግ ጋር ከተጣሉ በኋላ ቆርጠው ነበር፤ እርሷኑ ይነግሯታል፣ ከእርሷ ይጀምራሉ። የትምወርቅ ገብታ ተቀመጠች።

«የትምዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…»

«ገጽ ዘጠና ላይ ነን፣ ጋሼ» አለች።

«ከገጹ በፊት…»

«ገጹ ይበልጣል።» መጽሐፉን ከእጃቸው ወስዳ ከፈተችና ፊታቸው አኖረችው። ገጹን ያገኘችው ሦስት ጊዜ ስታ ነበር። ያን ጊዜ ነው እርሷም እንደምትፈራ ያዩት፤ ምናልባት ከእርሳቸው ይልቅ። ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ፤ እርሷም ተከትላ አነበበች። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች።

«ነገ ይመጣሉ?»

«አባትሽ ጠርቶኛል።»

«እንግዲያው ከግድግዳው በኩል ይቀመጡ» አለች። «ከስልኩ ራቅ ብለው።»

ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ጠፋ። አቶ አራጌ ከደጃፋቸው ሆነው ኮረብታው ላይ ያለውን የቴሌ ማማ አዩት፤ ልባቸው ቀለለ። ለሁለት ቀን፣ ለሦስት ቀን ቢጠፋ ሴትዮዋ ሌላ ሰው ትፈልግ ይሆናል። ነገሩ በራሱ ጊዜ ይሞታል፤ ማንም አልዋሸ፣ ማንም አልተዋረደ። እንዲህ ሲያስቡ ለምን እንደሚጸልዩ ገባቸው። የአንዲት ድሃ ልጅ እንጀራ እንዲቀር ነው። አፍረው ወደ ቤት ገቡ፤ ጸሎቱን ግን አላቆሙትም።

ሐሙስ ጧት ስልካቸውን ሲከፍቱ ኔትወርኩ ሙሉ ነበር።

ይሄነው ቤት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሰው ተቀምጧል። ሁለቱ ሽማግሌዎች መደቡ ላይ ናቸው። የልጅቱ እናት ሰብሌ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ከጓዳው በር ቆማለች። ጎረቤቶችም አሉ። አልታየች በሩ አጠገብ መሬት ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ኔትወርክ የሚይዘው በመስኮቱ በኩል ብቻ ስለሆነ ይሄነው ቁናውን ደፍቶ ስልኩን እላዩ ላይ አስቀምጦታል። አቶ አራጌ ከግድግዳው በኩል ሊቀመጡ ሲሉ ሽማግሌዎቹ ተነሡላቸው፤

«እንዴት ተደርጎ! ወደዚህ፣ ወደ ስልኩ ይጠጉ እንጂ!»

እየጎተቱ ከቁናው አጠገብ አስቀመጧቸው። የትምወርቅ አየች።

ዘጠኝ ሰዓት ሞላ፤ አለፈ። ዘጠኝ ከሃያ ሲሆን ስልኩ ቁናው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰብሌ ሦስት ጊዜ አማተበች።

«የትምዬ፣ አብሽሪ» አለ የሱፍያን ድምፅ። «አገናኝሻለሁ። ወላሂ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም።»

ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ፤ የጎለመሰች፣ ትንፋሿ የሚሰማ ሴት።

«ላብዲየን» አለች የትምወርቅ፤ ደህና ዋሉ ማለቷ ነው። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። ስሟን ተናገረች፤ ጭራውን ጨምራ። ነርስ መሆኗን ተናገረች። ሁለት ወንድሞች አሉኝ አለች፤ «ማን ኢር» ብላ ጀምራ። ሴትዮዋ አንዳንድ ቃል ጣል እያደረገች ትሰማት ነበር። አቶ አራጌ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከነገጹ ያውቁታል። ገጽ ስድስት። ገጽ ሃያ ሁለት። ገጽ አርባ። በእያንዳንዱ ቃል ላይ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ሴትዮዋ ሰማቻት! የሚነገር ነገር ነው ማለት ነው፤ አፍ ነው።

ከዚያ ሴትዮዋ ረጅም ነገር ተናገረች። ፈጣን ነበር፤ ከየትኛውም ገጽ አልነበረም። ሲያልቅ ከጥያቄ ጋር አለቀ።

የትምወርቅ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ሴትዮዋ ደገመችው፤ አሁን ጠንከር አድርጋ። አልታየች በሩ ሥር ሁለት እጇን ወደ ጆሮዋ አነሣች።

ይሄነው ዓይኑ ከልጁ ወደ እኅቱ ልጅ፣ ከእኅቱ ልጅ ወደ ልጁ ተመላለሰ። ድንገት ስልኩን ከቁናው ላይ አንሥቶ በአቶ አራጌ መዳፍ ላይ አኖረው።

«ጋሼ፣ እባክዎ! ይድረሱልኝ!»

አቶ አራጌ ቀላል የሆነችውን አንዲት ነገር ፈለጓት። ገጽ አራት ላይ ናት፤ አልገባኝም፣ ቀስ ይበሉ። ከመቶ ጊዜ በላይ አስብለዋታል። ጠፋቻቸው። ጭንቅላታቸው ባዶ ሆኗል። ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ያያቸዋል፤ ከዚያ ባዶ ውስጥ፣ እርሳቸው ሳያዙት፣ አፋቸው ተከፈተና ሩሲያኛው ጎረፈ። አምስት ዓመት የተማሩት፣ ሐዘን ላይና ሠርግ ላይ ያሰሙት ሩሲያኛ ነው። «ፓዣሉስታ» አሉ፤ ይታገሡ፣ ልጅቱ ደንግጣ ነው፣ ቀስ ብለው ይጠይቋት።

«ይኸውላችሁ!» አለ አንደኛው ሽማግሌ በሹክሹክታ። «አፋቸው ወተት እኮ ነው!»

ሴትዮዋ በሩሲያኛ መለሰች፤ ከእርሳቸው ይልቅ የጠራ፣ ከእርሳቸው ይልቅ የቀዘቀዘ ሩሲያኛ።

«ማን ነዎት?»

«አስተማሪዋ ነኝ።»

«ይህን የት ተማሩት?»

«ሪጋ ነው፣ እመቤቴ። አምስት ዓመት ተቀምጫለሁ።»

«በእኛ ከተማ አምስት ዓመት ተቀምጠዋል» አለች ሴትዮዋ። «የሚያናግሩኝም በዚህ ነው።»

አቶ አራጌ ያን ጊዜ የሪጋ ማደሪያቸውን በር ጠባቂ አሮጊት በዓይነ ኅሊናቸው አዩዋት። ሚርድዛ ትባል ነበር። በየቀኑ «ላብዲየን» ትላቸዋለች፤ እርሳቸው በሩሲያኛ ይመልሱላታል። አምስት ዓመት እንዲህ ሆነ። አሮጊቷ ሰላምታቸውን ተቀብላ ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ቁልፎቹ የምታዞረው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም።

«ሌላ አላውቅም» አሉ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእናንተን ቋንቋ አላውቅም።»

አርባ ዓመት ያልወጣቸው ቃል ነው። ወጣላቸው፤ ግን በሩሲያኛ ስለ ሆነ ቤቱ ውስጥ የሰማው አልነበረም። ሽማግሌው አሁንም በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል።

«ልጅቱን ማን አስተማራት ታዲያ?»

«መጽሐፍ። እኔ ገጹን ነው የገለጥሁላት።»

ሴትዮዋ ተነፈሰች። «ስልኩን ስጧት» አለች። «ዝምም በሉ፣ ሁላችሁም። ስትፈራ አትርዷት። እዚህ ስትፈራ የሚረዳት የለም።»

አቶ አራጌ ስልኩን ዘረጉ። የትምወርቅ ተቀበለችው።

«ምን አለች?» አለ ይሄነው።

«ልጅቱን ስጡኝ አለች።»

የትምወርቅ አየቻቸው። እርሳቸው ከተናገሩት ውስጥ ደብተሯ ላይ ያለ አንድ ቃል አልነበረም። ይህን በዚያ ቤት የምታውቅ እርሷ ብቻ ናት። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ፈለጉ፤ አላገኙም። ያገኙት ከፊቱም የነበረውን ያንኑ ፍርሃት ነው፤ አሁን ግን ብቻውን። ጀርባዋን ለሰዉ ሰጥታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ኤስ ኔሳፕሮቱ» አለች ጮክ ብላ። አልገባኝም። «ሉድዙ፣ ሌናክ።» እባክዎ፣ ቀስ ይበሉ።

ሴትዮዋ ቀስ አለች። ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚያጎርሱ። የትምወርቅ ግንባሯን የመስኮቱ እንጨት ላይ አስደግፋ ሰማች። ጠየቀች፤ እንደገና ሰማች። ከዚያ መመለስ ጀመረች። የተሰባበረ ነበር፤ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ጀምራ ተወችው። አቶ አራጌ ግማሹ አልገባቸውም። ምግብ አልበላም ስላለ አንድ ሽማግሌ የሚወራ መሰላቸው፤ «እቀመጣለሁ» ያለች መሰላቸው፣ «አብሬው እቀመጣለሁ»። ከአሁን በኋላ ገጹን አያውቁትም። ቀድማቸው ሄዳለች።

የፈጀው ስምንት ደቂቃ ያህል ነው። በመጨረሻ «ፓልዲየስ»፣ አመሰግናለሁ፣ አለችና ስልኩን ቁናው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

ሱፍያን ሲደውል ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም ነበር።

«ተቀብላታለች! አልሐምዱሊላህ፣ ተቀብላታለች! እስከ መጋቢት እንድትደርስ ብላለች።»

ሰብሌ እልልታዋን ጀምራ በመሐል አቆመችው፤ ባሏ እጁን አንሥቶ ነበር።

«ቆይ» አለ ይሄነው። ወደ አቶ አራጌ ዞረ። «ሴትዮዋ እንግዳ ናት፤ አላውቃትም። እኔ የማውቀው እርስዎን ነው። ቃልዎን ይንገሩኝ፣ ጋሼ። ታውቃለች?»

አቶ አራጌ በሩ ሥር ያለችውን አልታየችን አዩ። እጆቿን አውርዳ ነበር፤ ዓይኖቿ የትምወርቅ ላይ ተተክለዋል። ከዚያ መሬት ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አዩ። አንገቷን ደፍታለች፤ ትጠብቃለች።

«ከእኔ በላይ ታውቃለች» አሉ።

ቤቱ በሣቅ ሞላ።

«እውነቴን ነው!» አሉ አቶ አራጌ። «እኔ ቋንቋውን አላውቀውም። የማውቀው ሌላ ነው። ስሙኝ እንጂ!»

«ወይ የሪጋው!» አለ ሽማግሌው እንባውን እየጠረገ። «አሁን ሴትዮዋን ጸጥ ሲያደርጓት በጆሯችን ሰምተን! የተማረ ሰው ጠባይ ይኸው ነው፤ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።»

«አስተማሪ ማለት እንዲህ ነው» አለ ሌላው።

የትምወርቅ አልሣቀችም። ይሄነው ግን ፊቱ በርቶ ነበር፤ የፈለገውን ቃል አግኝቷል። እልልታው አሁን ሳይቆም ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሰዉን አስቀመጡና ምርቃቱ ተጀመረ። ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ አለ።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ።»

«አሜን!»

«ከክፉ አገር፣ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ።»

«አሜን!»

አቶ አራጌ መጽሐፉን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡ። ዳር ዳሩ የተበላ፣ እስከ ገጽ ዘጠና በእርሳስ የተሰመረ ነው። ቁናው ላይ፣ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጡት። ተነሥተው በግድግዳው በኩል አለፉ። በሩ ላይ ሲደርሱ አልታየች ቀና ሳትል ጉልበቷን ሰበሰበችላቸው።

ውጭው ቀዝቅዞ ነበር። ማማው ከኮረብታው ላይ ቆሟል። በሩ ላይ የተደገፈውን ዘንጋቸውን አንሥተው፣ ባዶ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው፣ ለሐረግ ምን እንደሚሉ እያሰቡ ቁልቁለቱን ያዙ።

«የሄድሽበት አገር አፍሽን ይፍታልሽ» ይላል ከውስጥ ሽማግሌው።

«አሜን!» አለ ቤቱ።